የሚያነጥፉት ድንጋይ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ የአትክልት ስፍራ የሚያስውብ አነስተኛ ድርጅት አለኝ። አንድ ደንበኛ የዘመናዊ ባርነት መግለጫ ጠየቀኝ፤ ሕጉ እኔን ይመለከታል?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የብሪታንያ ሕግ በሥራቸውና በአቅራቢዎቻቸው ዘንድ የግዳጅ ሥራ እንዳይኖር ምን እንዳደረጉ የሚገልጽ ዓመታዊ መግለጫ እንዲያወጡ የሚያስገድደው ገቢያቸው 36 ሚሊዮን ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆኑ ድርጅቶችን በመሆኑ እርስዎን በቀጥታ አይነካዎትም፤ ትልልቅ ደንበኞች ግን ከአቅራቢዎቻቸው ማረጋገጫ መጠየቃቸው የተለመደ ነው። እኔን ከወረቀቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሚያነጥፉት ድንጋይ ነው። በሕንድ ራጃስታን የአሸዋ ድንጋይ ካባዎች ሕፃናት ኮብልስቶን ሲጠርቡ፣ ወላጆቻቸውም በቅድሚያ በወሰዱት ብድር ተይዘው ሳንባ በሚጎዳ አቧራ ውስጥ ሲሠሩ ተገኝተዋል። ስለዚህ አቅራቢዎን ድንጋዩ የወጣበትን ካባ ይጠይቁ፤ «ከሕንድ ነው» ማለት በቂ መልስ አይደለም። በኤጀንሲ የሚመጡልዎ ሠራተኞችም ፓስፖርታቸው በእጃቸው መሆኑንና ደመወዛቸው በራሳቸው የባንክ ሒሳብ መግባቱን ያረጋግጡ።