ከላፕቶፑ ተነሱ፣ ሸማኔው ዘንድ ሂዱ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ከኮምቦልቻም ሆነ ከሌላ ቦታ በፋሽን ወይም በጨርቃጨርቅ ዲዛይን ተመርቃችሁ "የራሴን ነገር ልጀምር" ለምትሉት ነው። እኔ ዕድሜዬን ክርና ጨርቅ ውስጥ ፈጅቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንዳንዶቻችሁ ደሴ እቤቴ ድረስ ትመጣላችሁ። ላፕቶፑ ይከፈታል፣ ሥዕሉ ያምራል። ሎጎ አለ፣ የቴሌግራም ቻናል አለ። "ማን ነው የሚሸምነው?" ስላችሁ ግን እርስ በርስ ትተያያላችሁ።

ድርጅታችሁ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚያ ጥያቄ ላይ ነው።

የእጅ ሸማ ስፋት ልክ አለው። ሸማኔው መወርወሪያውን በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው እስከሚቀበልበት ድረስ ነው። ከዚያ የሰፋ ልብስ ከተፈለገ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ይሰፋል። እናንተ መሃል ላይ የሣላችሁት ትልቅ አበባ ታዲያ ስፌቱ ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ጥለትም የሚወጣው ክር እየተቆጠረ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ውሃ የፈሰሰው ክብ መስመር ጨርቁ ላይ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ባለካሬ ወረቀት ግዙና ካሬ እየቆጠራችሁ ሣሉ። አንድ ቀለም በጨመራችሁ ቁጥር ሥራው እንደሚዘገይም እወቁ። የዘገየው ሥራ ደግሞ ዋጋው ላይ ይመጣል።

ይህን ክፍል ውስጥ ብትማሩትም የሚገባችሁ ሸማኔው አጠገብ ስትቀመጡ ነው። ጥቂት ሳምንት ተቀመጡ። "አያ፣ ይሄ ይወጣል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። "አይወጣም" ካሉ አትከራከሩ፤ እንዴት ቢሆን እንደሚወጣ ያሳዩዋችኋል። አገራችን ሸማኔን "ቁጢት በጣሽ" እያለች ስትንቅ የኖረች አገር ናት። የእጃቸውን ዋጋ ሳትሸራርፉ በጊዜው ክፈሉ። በሰኔ ሒሳባቸውን ያጓተታችሁባቸው ሰው የጥር ሥራችሁን አይቀበሉም።

ስለ ጥር ካነሳሁ አይቀር፣ የዚህ ሥራ ገንዘብ ወቅት አለው። እንቁጣጣሽ፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ የጥርና የሚያዝያ ሠርግ። ወሎ ላይ ደግሞ ዒድና መውሊድ ይጨመርላችኋል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ጎረቤታችሁ ሁለቱንም በዓል ያውቃል፣ ደንበኛችሁም ከሁለቱም ይመጣል። ግን ክሩን ገዝታችሁ ለሸማኔው የምትሰጡት በዓሉ ከመድረሱ ብዙ ቀድማችሁ ነው። ገንዘቡ ጨርቅ ላይ ታስሮ የቤት ኪራይ ይመጣል። ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚዘጋው ሥራ አጥቶ ሳይሆን እዚህ ላይ እጅ አጥሮት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ቀብድ ነው። ለአክስታችሁም ቢሆን ቀብድ ሳትቀበሉ ክር አትግዙ። "ኮምፒውተር ላይ ጫን ጫን ማድረግ ነው እኮ" የሚላችሁ ዘመድ አይጠፋም። ፈገግ በሉና ዋጋውን ንገሩት።

አንድ ሰኞ ደግሞ ባቲ ገበያ ውረዱ። አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም ይመጣል። ለመሸጥ አትቸኩሉ። ሰው የቱን ጨርቅ እንደሚዳስስ፣ የቱን አገላብጦ እንደሚተው ተመልከቱ። ለሽርጥ፣ ለሻሽ፣ ለቦርሳ የሚሆን ሐሳብ እዚያ ሞልቷል። ከበግ ፀጉር የሚሠራው የደጋው ወሎ ባናም አለላችሁ። ይኮሰኩሳል፣ እውነት ነው። ለትራስ ልብስና ለምንጣፍ ግን ማን ይደርስበታል?

አንድ ገዢ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ ስንቱ ተመራቂ ተስፋ አድርጎ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ኮምቦልቻ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አገራችን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምትሸጥበት ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ታገደች። አሜሪካን ብቻ ተማምኖ የሚሰፋ ፋብሪካ ምን እንደሚገጥመው ያኔ አየን። እናንተ ደሴም ወልዲያም ላሊበላም ትንንሽ ደንበኛ ይኑራችሁ።

ወረቀቱን ደግሞ ጨርሱ። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል፤ የግድ ሸሪክ ፍለጋ መዞር የለባችሁም። ከጓደኛ ጋር ከጀመራችሁ ድርሻችሁን ጻፉት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። አዲስ ንድፍ ስታወጡ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ይቻላል። ጥበቃው አምስት ዓመት ነው፣ ይታደሳል። ጥለታችሁ በማሽን ታትሞ በርካሽ ገበያ ላይ ሲወጣ የምትይዙት ነገር ይኖራችኋል። የአያቶቻችንን ጥለት ግን የእኔ ነው ብላችሁ ለማስመዝገብ አትሞክሩ። ነውር ነው፣ አዲስም አይደለም።

አዲስ አበባ ለመሸጥ ስትሄዱ አብሽሩ፣ ሽሮ ሜዳ ጥሩ ሥራ የሚያውቅ ነጋዴ አለ። "ተሸጦ ልክፈላችሁ" ካላችሁ ግን ለናሙና የሚሆን ጥቂት ፍሬ ብቻ ተዉለት። የቀረውን ብሩ ቴሌብር ላይ ሲገባ ትልካላችሁ።