ምሳ ዕቃው እንዳለ እየተመለሰ ተቸገርኩ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። አራት ኪሎ አካባቢ ነው የምኖረው፣ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፣ አንደኛ ክፍል። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ተነስቼ ፍርፍር ሰርቼ እንቁላል ቀቅዬ እልክለታለሁ፣ ማታ ስከፍተው ግን እንዳለ ነው፣ ብስኩቱን ብቻ በልቶ ይመጣል። ያንኑ ፍርፍር ቤት ስሰጠው ጥርግ አድርጎ ነው የሚበላው! ስቆጣው ያለቅሳል። ረቡዕና አርብ ደግሞ ጾም ስለሆነ ጭራሽ የምልከው ይጠፋኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቤት ጥርግ አድርጎ ከበላ ፍርፍርሽን ይወደዋል። ስድስት ሰዓት ላይ ምን ሆኖ እንደሚጠብቀው ግን አይተሽ ታውቂያለሽ? ነገ የሱን ስትቋጥሪ ላንቺም ከዛው ቋጥሪና ስራ ቦታ ሳታሞቂው በምሳ ሰዓት ብይው። እኔ ለልጄ ስቋጥር ኖሬ የገባኝ እንደዛ ያደረኩ ቀን ነው። ትኩስ እያለ ስለከደንኩት እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ መልሶ ተንጠባጥቦበታል፣ ከስር ላቁጧል ከላይ ዘይቱ ረግቷል፣ በማንኪያ ስነካው እንዳለ አንድ ላይ ተነሳ። የተላጠው እንቁላልም አብሮ ታፍኖ ስለዋለ ገና ሲከፈት ይሸታል፣ ልጅ ደግሞ ጓደኞቹ ፊት የሚሸት ነገር መክፈት ያፍራል።

ስለዚህ ትኩስ የሚበላ ከሆነ በምግብ ፔርሙስ ይሁን፣ መጀመሪያ የፈላ ውሃ ሞልተሽበት አምስት ደቂቃ ካቆየሽ በኋላ ደፍተሽ ምግቡን እየተፋጀ ጨምሪ። በተለይ ሩዝ ለብ ብሎ ሲውል ሆድ ያሳምማል፣ ያለ ፔርሙስ አትላኪው። ፔርሙስ ከሌለ ግን ቀዝቅዞም የሚጣፍጥ ነገር ነው መፈለግ ያለብሽ። እኔ ቤት የሰራልኝ ጥቅልል ነው፦ መረቁ የመጠጠ የድንችና ካሮት አልጫ ወይ ደረቅ ያለ የምስር ወጥ፣ እንጀራው ላይ ስስ አድርገሽ ቀብተሽ ጠበቅ አድርገሽ ትጠቀልይና በልጅ ጣት ልክ ትቆርጪዋለሽ። ከመክደንሽ በፊት ግን በደንብ ይቀዝቅዝ። በእጁ እያነሳ ቶሎ ቶሎ ይጎርሳል፣ የሚቸኩለው እኮ ለጨዋታ ነው።

ለጾሙም ያው ጥቅልል ይሆናል፣ ሌላ ቀን ወጥ ሳይገባበት ደረቁን የሽምብራ አሳ፣ ስኳር ድንች ቅቅል፣ ወይ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ ከሙዝ ጋር (ኦቾሎኒ የሚከለክሉ ትምህርት ቤቶች ስላሉ መጀመሪያ ጠይቂ)።

ብርቱካን አትርሺ፣ ጤፉና ምስሩ ላይ ያለውን ብረት ሰውነቱ በደንብ እንዲወስደው ቫይታሚን ሲው ያግዛል። ሻይ ግን ተቃራኒውን ስለሚያደርግ ከምሳው ጋር አትላኪለት። ብርቱካኑን ልጠሽ ላኪ፣ የምሳ ዕቃውንም ክዳን ብቻውን ይከፍተው እንደሆነ ፊትሽ አስከፍተሽ እዪ፣ ስንቱ ልጅ መክፈት አቅቶት ጾሙን ይውላል መሰለሽ።

ብስኩቱ ይቅር አልልሽም፣ ቤት ሲመጣ ስጪው፣ ከምሳው ጋር ካለ ግን ሁሌም እሱ ነው የሚቀድመው። ቁጣውንም ተይው የኔ እህት፣ ሲመለስ ቁጭ ብለሽ «ስትከፍተው ምን ሆኖ ነበር?» ብለሽ ጠይቂው፣ እውነቱን ይነግርሻል። መጠኑንም ቀንሺለት፣ ለመጀመሪያው ሳምንት ሶስት ጥቅል ይበቃዋል፣ ጨርሶ ሲመጣ አራተኛውን ትጨምሪለታለሽ።