ትንሿ ውሻና የማይታየው አጥር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ስለ ኤሌክትሮኒክስ አጥር። ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። በግቢው ዳርቻ መሬት ውስጥ ቀጭን ሽቦ ይቀበራል። ሽቦው የሬዲዮ ምልክት ያስተላልፋል። ውሻው አንገት ላይ የታሰረችው መቀበያ ወደ ሽቦው ስትጠጋ መጀመሪያ «ጢጥ» ትላለች። ውሻው ካልተመለሰ ደግሞ በሁለት የብረት ጫፎች ቆዳውን ትነዝረዋለች። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካዊው ሪቻርድ ፔክ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የጠየቃችሁኝ ሰዎች ውሾች ግን ሁሉም በጣም ትንንሾች ናቸው። እነሱን የሚመለከተው ነገር ለብቻው መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ ቺዋዋዬ 2 ኪሎ ናት። ካርቶኑ ላይ «ከ3.6 ኪሎ በላይ ለሆኑ ውሾች» ይላል። በዝቅተኛው ደረጃ ባደርግላት ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ፣ አለው። እባክዎ አያድርጉት።

ሰው የሚጨነቀው ስለ ንዝረቱ ነው። ያ የክብደት ገደብ ግን ስለ ንዝረቱ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ከመቀበያዎቹ ቀለል ያሉት 30 ግራም አካባቢ ይመዝናሉ፤ ከ100 ግራም የሚያልፉም አሉ። 100 ግራም ለእርስዎ ውሻ የክብደቷ 5 በመቶ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 3 ኪሎ ነገር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲውል ያስቡት።

አንገቷ ደግሞ ስስ ጎኗ ነው። ቺዋዋ፣ ፖሜራኒያንና ዮርክሻየር ቴሪየር የአየር ቧንቧ መላላት በብዛት ከሚታይባቸው ዝርያዎች ውስጥ ናቸው። ቧንቧውን ክፍት አድርገው የሚይዙት የልም አጥንት ቀለበቶች ይደክማሉ፤ ቧንቧው ይጠባል። ውሻዋ ስትደሰት ወይም አንገቷ ሲሳብ እንደ ዝይ ጩኸት ያለ ደረቅ ሳል ያስላታል። የእንስሳት ሐኪሞች ለእንዲህ ዓይነት ውሾች «የአንገቱን ትታችሁ የደረት ማሰሪያ ተጠቀሙ» የሚሉት ለዚህ ነው። የኤሌክትሮኒክስ አጥር መቀበያ ግን ደረት ላይ አይታሰርም። ጫፎቹ የአንገቷን ቆዳ ጥብቅ ብለው መንካት አለባቸው። ካጠበቁት አንገቷን ይጎዳል፣ ላላ ካደረጉት አይሠራም። ለ2 ኪሎ ውሻ መሐል ቤት የሚባል ነገር የለውም።

«ዝቅተኛው ደረጃ» የሚለውም ብዙ አያጽናናዎት። ያው ደረጃ በሁሉም ውሻ ላይ እኩል አይሰማም። የፀጉር ብዛት፣ የቆዳ ስስነት፣ እርጥበት፣ ሁሉም ይለውጡታል። ትናንት ፀጉሯ ደርቆ ብዙም ያልተሰማት ውሻ ዛሬ ዝናብ መቷት ትጮህ ይሆናል።

አምራች ገዢ ማጣት አይፈልግም። እንዲያም ሆኖ ያን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ጽፎታል። ይመኑት።

ጥያቄ፦ ንዝረቱ የትንሽ ውሻን ልብ ያቆማል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ጤነኛ ውሻን ይገድላል ማለት ማጋነን ነው። እያንዳንዱ የንዝረት ምት የሚቆየው ከሰከንድ በጣም ባነሰ ጊዜ ነው፤ ጉልበቱም ትንሽ ነው። የሚያልፈውም በሁለቱ ጫፎች መካከል ባለው የአንገት ቆዳ እንጂ በደረት በኩል አይደለም። የሱፍ ሹራብ አውልቀው የበር እጀታ ሲነኩ ጣትዎን ጠቅ እንደሚያደርግዎ ያለ ነው፤ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ግን ከዚያ በጣም ይብሳል። የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ላለባት፣ ላረገዘች ወይም 6 ወር ላልሞላት ውሻ ግን በየትኛውም ደረጃ አልመክርም። ድንጋጤው ራሱ ይበቃታል።

ጥያቄ፦ ፖሜራኒያኔ አንገቱ ላይ ሁለት ቀያይ ነጥቦች አየሁ። አቃጥሎት ይሆን? ማሰሪያውን ሌሊትም አላወልቅለትም።

መልስ፦ አሁኑኑ ያውልቁለት፤ ከዚያ ቀሪውን ያንብቡ።

እንዲህ ያለ አንገት በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ከላይ ሲያዩት ምንም የለም፤ ያ ሁሉ ፀጉር ሸፍኖታል። ፀጉሩን በጣቶቼ ስከፍለው ግን ሁለት ጎድጎድ ያሉ ቁስሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ርቀታቸው ልክ የብረቶቹን ያህል ነው። አንደኛው ዙሪያውን ረጥቦ ፀጉሩ ተጣብቆበታል። ውሻው አላለቀሰም። ጣቴ ሲጠጋ ብቻ አንገቱን ወደ ትከሻው ሰበሰበ።

ይህ ቁስል ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪክ ቃጠሎ አይደለም። የጫና ቁስል ነው። ብረቱ አንድ ቦታ ላይ ለሰዓታት ሲጫን ደም ወደዚያ ቆዳ በደንብ አይደርስም፤ ቆዳው ይሞታል። ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ የተኛ ሕመምተኛ ጀርባው እንደሚቆስለው ማለት ነው። ፀጉረ ብዙ ውሾች ላይ የሚብስበትም ምክንያት አለው። ብረቱ ፀጉሩን አልፎ ቆዳውን አልነካ ሲል ባለቤቱ ማሰሪያውን አንድ ቀዳዳ፣ ከዚያ ሌላ ቀዳዳ እያለ ያጠብቃል።

የእርስዎን ውሻ ሐኪም ይየው። መግል ወይም ሽታ ካለው ዛሬውኑ ይውሰዱት። እስኪድን አንገቱ ላይ ምንም እንዳይታሰር። ትልቅ ውሻ ላላችሁ አንባቢዎችም ልንገራችሁ፤ ይህ መቀበያ በቀን ከ8 እስከ 12 ሰዓት በላይ አንገት ላይ አይቆይም፣ ሌሊት ይወልቃል፣ ቆዳውም በየቀኑ ፀጉሩ ተከፍሎ ይታያል።

ጥያቄ፦ አጥሩ ከተገጠመ 3 ቀኑ ነው። ቡቺ ከበረንዳው አልወርድም ብላለች። ለሽንት እንኳ ተሸክሜ ነው የማወርዳት። ትለምደው ይሆን?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት፤ አሳዘነችኝ።

ቡቺ ሽቦ መቀበሩን አታውቅም። የምታውቀው ሣሩ ላይ ስትሄድ የሆነ ነገር አንገቷን እንደነደፋት ነው። ከየት እንደመጣ አላየችም። ስለዚህ ለእሷ ግቢው ሁሉ የሚናደፍ ቦታ ሆኗል። በዚያች ቅጽበት አንድ ልጅ በአጥር በኩል አልፎ ከሆነ ደግሞ «የነደፈኝ ልጁ ነው» ብላ ልትይዘው ትችላለች። አንዳንድ ውሾች ከአጥሩ ወዲያ በሚያልፍ ሰው ላይ በድንገት ክፉ የሚሆኑት እንዲህ ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ንዝረት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት ቢግል በሚባሉ ውሾች ላይ አይቷል። ንዝረቱ ለምን እንደመጣ መገመት ያልቻሉት ውሾች የጭንቀት ሆርሞናቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ትለምደው እንደሆነ ጠይቀውኛል። እኔ እንድትለምደው አልፈልግም። አጥሩን ያጥፉት፣ ማሰሪያውን ያውልቁና ከዓይኗ ያርቁት። ከዚያ የምትወደውን ምግብ ይዘው የበረንዳው ደረጃ ሥር ይቀመጡ። አይጥሯት፣ አይጎትቷት። አንድ እርምጃ ከወረደች ይስጧት፤ ልመለስ ካለች ይተዋት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ምግብ እምቢ እስከማለት ከደረሰች ግን ሐኪም ጋ ይውሰዷት።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጅ ነኝ። ትልቅ ውሻችን አጥሩን ለምዶታል። የእሱን ማሰሪያ አሳጥሬ ለትንሿ ባደርግላትስ?

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ። የእሱ መቀበያ የተስተካከለው ለእሱ አንገትና ለእሱ ቆዳ ነው። ለ30 ኪሎ ውሻ ልክ የሆነው ለእሷ ልክ አይደለም። መጠየቅህ ግን በጣም ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ አጥሩ በደንብ ይሠራ ነበር፤ ዮርክሻየር ቴሪየሬም ወጥታ አታውቅም። ባለፈው ወር ግን የማላውቀው ውሻ ገብቶ ነከሳት። ተርፋለች። ምን ጎድሎኝ ነው?

መልስ፦ እንኳን ተረፈች። የጎደለዎት የእርስዎ ጥንቃቄ አይደለም፤ የዕቃው ተፈጥሮ ነው። የማይታይ አጥር የሚያቆመው መቀበያ ያሰረን ውሻ ብቻ ነው። ሌላውን ውሻ፣ የዱር አውሬን፣ ትልልቅ አሞራንና ሌባን አያቆምም። ትልቅ ውሻ ራሱን ይከላከል ይሆናል። 3 ኪሎ ውሻ ግን ያላት አማራጭ መሮጥ ነው፤ በሮጠችበት በኩል ደግሞ ንዝረቱ ይጠብቃታል።

የዚህ ግልባጭም አለ። ውሻ ድመት ሲያይ በእልህ ሮጦ ንዝረቱን ጥሶ ይወጣል። ከወጣ በኋላ እልሁ ይበርዳል፣ መመለስ ይፈልጋል፤ ሲመለስ ግን ያው ሽቦ አለ። ቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ መግባት አቅቶት የሚያለቅስ ውሻ አይቻለሁ። ባትሪ ሲያልቅ፣ መብራት ሲጠፋ ወይም ሽቦው ሲበጠስ ደግሞ ጭራሽ የሚያቆመው የለም።

ጥያቄ፦ ቆዳዋ ሥር የተቀበረውን መለያ ቺፕ ያበላሽባት ይሆን?

መልስ፦ አያበላሸውም። ቺፑ ባትሪ የለውም፤ የሚነቃው ማንበቢያው ሲጠጋው ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ንዝረቱን አጥፍቼ ድምፁን ብቻ ወይም እንደ ስልክ የሚርገበገበውን ብቻ ብጠቀምስ?

መልስ፦ ይሻላል፤ ግን ሦስት ነገር ልብ ይበሉ። የማሰሪያው ክብደትና ጥበቱ አሁንም አለ። መርገብገቡ ለትልቅ ውሻ ቀላል ነው፤ አንገቷ በጣም ለቀጠነ ትንሽ ውሻ ግን መላ ጭንቅላቷን ያናውጣታል። ድምፅ ብቻ ደግሞ ያለ ሥልጠና ባዶ ድምፅ ነው። «ጢጥ» ሲል ወደ እርስዎ ሮጣ መጥታ ምግብ እንድትቀበል ካስለመዷት ጠቃሚ ነው። ያን ካስለመዷት ግን ስሟን ሲጠሩም ትመጣለች፤ ዕቃው አንገቷ ላይ ምን ይሠራል?

ያለ ሽቦ፣ ቦታን በሳተላይት በሚለየው በጂፒኤስ ስለሚሠሩት አጥሮችም የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ጂፒኤስ በሜትሮች ይሳሳታል፤ ጠባብ ግቢ ውስጥ ድንበሩ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ይሆንባታል። ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2010 የአጥሩን ጨምሮ የሚነዝሩ የአንገት ማሰሪያዎችን በሕግ ከልክላለች። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አቋም ውሻ በሽልማት ብቻ እንዲሠለጥን መክሯል። እኔም የምስማማው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ይህን ሁሉ ከከለከልከን ምን እናድርግ? ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ልንዘጋባት ነው?

መልስ፦ የትንሽ ውሻ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ብዙ ቦታ አትፈልግም። ግቢውን ሁሉ ማጠር የለብዎትም። ከቤቱ በር ጋር የተያያዘች ጥቂት ሜትር በጥቂት ሜትር የሆነች የሽቦ አጥር ለ2 ኪሎ ውሻ ሰፊ ሜዳ ናት። ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ሽቦ ይምረጡ። መቆፈር የምትወድ ከሆነ የሽቦውን ግርጌ ወደ ውስጥ አጥፈው መሬት ላይ ያንጥፉትና አፈር ያልብሱት። አሞራ የሚያሰጋ ከሆነ ከላይ መረብ ይዘርጉ። ጥላና ውኃ አይርሱ። ከዚያች ውጭ ስትወጣ የደረት ማሰሪያና ረጅም ገመድ ይኑራት፤ እርስዎም አብረው ይሁኑ።

ከሁሉ በፊት ግን የውጭውን በር ሥር ጎንበስ ብለው ይዩት። ትንንሽ ውሾች በዚያ ሾልከው ሊጠፉ ይችላሉ። ክፍተቱን በእጅዎ ይለኩ፤ ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው ሰውነቷም ያልፋል። አንዲት ጣውላ በምስማር ቢመቱበት በቂ ነው።