ሳያምሽ የተገኘ የሐሞት ቱቦ ጠጠር፦ ከመፈረምሽ በፊት

እህቴ፣ «ለሌላ ነገር ስመረመር የሐሞት ቱቦዬ ውስጥ 6 ሚሊ ሜትር ጠጠር ተገኘ፤ ምንም አያመኝም፤ ላስወጣው ወይስ ልተወው?» ብለሻል። እኔም ልክ እንዳንቺ ነበርኩ።

1. የሐሞት ከረጢቱና ከእሱ ሐሞት ወደ አንጀት የሚወስደው ቱቦ አንድ አይደሉም። የከረጢቱ ጠጠር ካላመመ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል። የቱቦው ግን ዛሬ ዝም ቢል ነገ መንገዱን ሊዘጋ፣ ዓይንሽን ቢጫ ሊያደርግ፣ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። ሐኪሞች ጤናሽ ከቻለ ይውጣ የሚሉት ለዚህ ነው። «አክስቴ 10 ዓመት ይዛው ኖራለች» የሚሉሽን አትስሚ፤ የእሷ የከረጢት ይሆናል።

2. ጠጠሩ አሁንም መኖሩን አረጋግጪ። እኔ የተጎዳሁት እዚህ ላይ ነው። የያዝኩት ኤምአርአይ 3 ወር አልፎት ነበር። ትንንሽ ጠጠር ራሱ ወደ አንጀት ሊወርድ እንደሚችል ማንም አልነገረኝም። ቀጠሮ የምትሰጠዋን ልጅ «ምስሉን እንደገና ልነሳ እንዴ?» ብላት ቀና እንኳ ሳትል «ሐኪሙ ካዘዘ አዘዘ ነው፤ ፈርሚ፣ ከኋላሽ ሰው አለ» አለችኝ። አፈርኩና የሕክምናውን የስምምነት ቅጽ ሁለተኛ ገጽ ሳልገልጥ ፈረምኩ።

ኢአርሲፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ በአፍ ገብቶ የሐሞት ቱቦን ጠጠር የሚያወጣው ሕክምና፣ ተሠራልኝ። በአፌ ገብተው የቱቦውን አፍ ቀደዱ፤ በፊኛ ጠረጉት። ምንም አልወጣም። ሪፖርቱ ላይ «ጠጠር አልታየም» የሚል አንድ መስመር ብቻ። ማታውን ከእምብርቴ በላይ የጀመረኝ ሕመም ጀርባዬን ሰንጥቆ ወጣ። ጉልበቴን ደረቴ ላይ አጥፌ አደርኩ። ቆሽቴ ተቆጥቶ ነበር። ምንም ሳያመኝ በእግሬ የገባሁት ሰው 9 ቀን ተኛሁ።

ከዚህ ሕክምና በኋላ ቆሽት የሚቆጣባቸው ከ100 ሰው ከ3 እስከ 10 ይሆናሉ። ምልክት የሌለው፣ ቢሊሩቢኑ (ሲበዛ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው የደም ውስጥ ንጥረ ነገር) ኖርማል የሆነ፣ ሴት፣ ወጣት ሲሆን ደግሞ አደጋው ይብሳል። አራቱም እኔ ላይ ነበሩ። አንዱንም ቀድሞ የነገረኝ የለም፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

3. ስለ መድኃኒቱ ጠይቂ። 100 ሚሊ ግራም ዳይክሎፌናክ ወይም ኢንዶሜታሲን ከሕክምናው በፊት በፊንጢጣ ሲሰጥ አደጋውን ይቀንሳል። አለርጂ ወይም የኩላሊት ችግር ካለብሽ ግን ቀድመሽ ተናገሪ። ይህን ያወቅኩት በራሴ ከደረሰ በኋላ ቢሆንም ለታናሽ እህቴ ደርሶላታል። እሷም ሳያማት ተገኘባት። ይዣት ሄጄ፣ «መጀመሪያ መኖሩ ይታይ» ብዬ ድርቅ አልኩ። በዚያው ጠዋት በኢንዶስኮፒ አልትራሳውንድ፣ ማለትም በአፍ ገብቶ ቱቦውን ከቅርብ በሚያሳይ አልትራሳውንድ፣ አዩላት። ነበረ። መድኃኒቱ ተሰጣት፣ ጠጠሩ ወጣ፣ በማግስቱ ቤቷ ገባች። ቡናማ ነበር፤ ሲነኩት እንደ ደረቅ ጭቃ የሚፈረፈር። ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አድርገው ሲያሳዩን አለቀስኩ።

ቀጠሮ እየጠበቅሽ ሳለ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫነት ወይም ከቀኝ ጎድንሽ ሥር ሕመም ከመጣ ቀጠሮውን ተይና በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ ሌሊትም ቢሆን።

ለመሆኑ ያንቺ ምስል የመቼ ነው? ቀኑን ጻፊልኝ።