ከ5 ነጥብ 3.1፦ ተማሪዎቼ ምን እያሉኝ ነው?

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ስታቲስቲክስ ሳስተምር ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ ተማሪዎች የሞሉት የመምህር ግምገማ ከ5 ነጥብ 3.1 ሆኖ መጣልኝ፤ በአስተያየት መስጫውም ላይ «ይፈጥናል»፣ «በማርክ ስስታም ነው»፣ «ሲጠይቁት ይቆጣል» የሚሉ ቃላት ሰፍረዋል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነጥቡ የማዕረግ ዕድገቴን ሊያዘገየው እንደሚችል ነግረውኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ የሚድ ፈተናውን አቅልዬ ማርክ ብለቅላቸው ነገሩ በራሱ እንደሚስተካከል መከረኝ፤ ይህን ግን ኅሊናዬ አልፈቀደውም። ውጤት ሳልሸጥ ግምገማዬን ማሻሻል እችል ይሆን?
ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይችላሉ፤ ሥራው የሚጀምረው ግን ቅጹ ከሚሞላበት ቀን ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው።

የባልደረባዎ ምክር ከባዶ ሜዳ የመጣ አለመሆኑን በቅድሚያ እንመን። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ቅጹን ከመሙላታቸው በፊት ቸኮሌት የቀረበላቸው ተማሪዎች ካልቀረበላቸው የተሻለ ነጥብ መስጠታቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣና በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ ደግሞ፣ መምህሩ የሚያገኘው ነጥብና ተማሪዎቹ በእርግጥ የተማሩት ነገር እምብዛም እንደማይገናኙ ደምድሟል። ስለዚህ 3.1 የሙያ ብቃትዎ ሚዛን ነው ብለው አይዘኑ። ማርክ በመልቀቅ የሚገኝ ነጥብም ዕዳው ተከታዩን ኮርስ በሚያስተምረው መምህር ጫንቃ ላይ ያርፋል።

ደግሞስ ስታቲስቲክስ የሚያስተምር ሰው አማካዩን ብቻ አይቶ ማዘኑ ትንሽ አይገርምም? ግማሹ ክፍል 4፣ ግማሹ 2 ቢሰጥዎ አማካዩ 3 ነው፤ ሁሉም 3 ቢሰጡዎም ያው 3 ነው። የመጀመሪያው፣ ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ መንገድ ላይ እንደቀረብዎት ይጠቁማል፤ ሁለተኛው ደግሞ ማንንም እንዳላስከፉ፣ ማንንም እንዳልማረኩ። የትምህርት ክፍሉ ዝርዝሩን እንዲሰጥዎ ይጠይቁና በየጥያቄው ነጥቡ እንዴት እንደተበተነ ይመልከቱ።

ከሁሉም በላይ የምመክርዎ ግን አራተኛው ወይም አምስተኛው ሳምንት ላይ ራስዎ እንዲጠይቁ ነው። የሴሚስተር መጨረሻ ግምገማ ለሚሞላው ተማሪ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው፤ የሚጽፈው አስተያየት ቢጠቅም የሚጠቅመው የሚቀጥለውን ዓመት ተማሪ ነውና ብዙም አይጨነቅበትም። እርስዎ ግን ግማሽ ግማሽ ወረቀት አድለው ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ እስካሁን ትምህርቱን ለመረዳት ያገዛችሁ ምንድን ነው? ምን ቢለወጥ ይሻላችኋል? ስም አይጻፍ፤ እርስዎም ከክፍል ይውጡና የክፍሉ ተጠሪ ሰብስቦ ያምጣልዎ። ቁም ነገሩ ያለው በማግስቱ ነው። የተጻፈውን ጠቅለል አድርገው ያንብቡላቸው፤ የሚለውጡትን ይንገሯቸው፤ የማይለውጡትንም ለምን እንደማይለውጡት ያስረዷቸው። «ፈተናው ይቅለል» ላሉት «አይቀልም፤ ነገር ግን ከፈተናው በፊት ባለው ሳምንት አንድ የመለማመጃ ፈተና አብረን እንሠራለን» ማለት በቂ መልስ ነው። በሴሚስተር አጋማሽ የተማሪን አስተያየት የሚያገኙ መምህራን በመጨረሻው ግምገማ መጠነኛ መሻሻል እንደሚያሳዩ፣ አስተያየቱን ከሚያማክራቸው ሰው ጋር ሲወያዩበት ደግሞ መሻሻሉ ከፍ እንደሚል እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ይታወቃል። ስለዚህ ወረቀቱን ከሚያምኑት አንድ አንጋፋ መምህር ጋር ቁጭ ብለው ቢያዩት አይቆጩም።

«ይፈጥናል» የሚለው አስተያየት ከቋንቋም ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ከደላንታ የመጣው ተማሪዎ አንደኛ ደረጃን በአማርኛ፣ ከከሚሴ ወይም ከባቲ የመጣው ደግሞ ምናልባት በአፋን ኦሮሞ ተምሮ፣ አሁን ሁለቱም በእንግሊዝኛ ያዳምጥዎታል። ንግግርዎን ከማዝገም ይልቅ ሁሉም የሚያውቀውን ምሳሌ ማምጣት ይበልጥ ይረዳል። የባቲን የሰኞ ገበያ ይውሰዱ፦ በብዙ ፍየሎች መካከል ጥቂት ግመሎች ሲቀርቡ የእንስሳቱ አማካይ ዋጋ ወደ ላይ ይጎተታል፣ ሜዲያኑ (ዋጋዎቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) ግን እምብዛም አይነቃነቅም። ይህን የሰማ ተማሪ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በቀመር ብቻ ከተነገረው ይልቅ ይይዘዋል።

«ይቆጣል» ያሉትን በተመለከተ ረጅም ነገር አልልም። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል፤ ምናልባት እርስዎ የተናገሩት «ይህንን እኮ ባለፈው አይተነዋል» ብቻ ይሆናል፣ ተማሪው ግን በጓደኞቹ ፊት እንደ ስድብ ሰምቶታል። በወሎ ወግ ደግሞ የተጨነቀ ሰው የሚጠብቀው «አብሽር» መባልን ነው። «ጥሩ፣ ከየት ላይ ነው የጠፋብህ?» ማለት ከዚያኛው መልስ የበለጠ ጊዜ አይወስድም።

የማርኩ ስሞታ በአብዛኛው ከማርኩ ማነስ ይልቅ ምክንያቱን ካለማወቅ የሚመጣ ነው። አሳይመንቱን ሲሰጡ ስንት ማርክ በምን እንደሚያዝ አብረው ይጻፉ፤ ወረቀቱን በሳምንት ውስጥ፣ ቢዘገይ እንኳ ከቀጣዩ ፈተና በፊት ይመልሱ፤ ብዙዎች የሳቱትን አንድ ጥያቄ መርጠው አሥር ደቂቃ ሰሌዳ ላይ ይሥሩት። ተማሪ 12 ከ20 አግኝቶ ስምንቱ የት እንደሄደ ካወቀ ስስታም አይልዎትም።

ቅጹ የሚሞላበት ቀን ሲደርስ አጠገባቸው አይቁሙ፣ ስለ ዕድገትዎም አያንሱ። ከመውጣትዎ በፊት ግን ባለፈው ሴሚስተር «ይፈጥናል» የተባለውን አስተያየት አንብበው ምን እንደለወጡ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገሯቸው፤ የሚጽፉት ነገር የሚነበብ መሆኑን ያኔ ያምናሉ።