ከድመቶች ጋር የማሳልፈው ቅዳሜ ለሥራ ይጠቅመኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የኖቫ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ነኝ፤ ወደፊት የእንስሳት ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የእንስሳት መጠለያ ውስጥ ድመቶችን በነጻ እንከባከባለሁ። እናቴ ግን «የድመት ቆሻሻ በነጻ ከምትጠርጊ እንደ ሰው ሥራ ብትይዢ ምን አለ?» ትለኛለች። እውነት ጥቅም አለው?

መልስ፦ አለው እህቴ። ግን እናትሽም ዝም ብለው አልተናገሩም፤ ወደ እሳቸው እመለሳለሁ።

እዚህ አሜሪካ አብዛኞቹ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጆች የሚጠቀሙበት ቪኤምካስ የሚባል የጋራ ማመልከቻ ልምድን ለያይቶ ነው የሚጠይቀው። ድመት ማብላት፣ ማጽዳትና ማጫወት የእንስሳት ልምድ ተብሎ ይመዘገባል። በሐኪም ሥር ሆነሽ የሠራሽው ደግሞ የሕክምና ልምድ ነው። ሚዛን የሚደፋው ይሄኛው ነው። መጠለያው የራሱ ክሊኒክ ካለው «ድመቶች እንዳይወልዱ በሚመክኑበት ቀን ገብቼ ልርዳ?» ብለሽ ጠይቂ። መጀመሪያ ፎጣ እጠቢ ይሉሽ ይሆናል። እሺ በይ።

ሬዙሜሽ ላይ «ድመት እወዳለሁ» ብለሽ ከሆነ አውጪው። የማይወድማ እዚያ በር አይደርስም። የሠራሽውን ጻፊ። ለምሳሌ ስታጸጂ ከየትኛው ክፍል ትጀምሪያለሽ? ከጤነኞቹ ግልገሎች ጀምረሽ፣ መሐል ላይ ጓንት ቀይረሽ፣ በታመሙት የምትጨርሺ ከሆነ ተላላፊ በሽታ መከላከል ትችያለሽ ማለት ነው። ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው የድመት ቫይረስ ያልተከተቡ ግልገሎችን በቀናት ውስጥ ይጨርሳል። ክፍል ውስጥ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ተራ ሳሙና አይገድለውም። ይህ የገባው ሰው ክሊኒክ ውስጥ ይፈለጋል።

ሌላም አለ። ጠዋት ያቀረብሽው ምግብ ከሰዓት በኋላ ሳይነካ ብታገኚው ምን ታደርጊያለሽ? ድመት፣ በተለይ ወፍራም ድመት፣ ጥቂት ቀናት ሳትበላ ከቆየች ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ልትሞት ትችላለች። አይተሽ፣ መዝገብ ላይ ጽፈሽ፣ ለተረኛው ሠራተኛ ነግረሽ ከሆነ ለኢንተርቪው የሚሆን ታሪክ ይዘሻል።

አሁን ወደ እናትሽ። ዲግሪው፣ ከዚያ ደግሞ አራት ዓመት የእንስሳት ሕክምና፤ መንገዱ ረጅምም ውድም ነው። ስለዚህ አንድ የግል የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ የትርፍ ሰዓት ሥራ ፈልጊ። ስልክ ማንሳት፣ እንስሳ መያዝ፣ ያገኘሽውን። ደሞዙ ያን ያህል አይደለም፤ ግን ገንዘብም ይገባል፣ ሐኪምም አጠገብሽ አለ። ቅዳሜን በወር ሁለቴ ብታደርጊው መጠለያው አይከፋም። የሐኪምነቱ መንገድ ከበዛብሽ ደግሞ ኖቫ ላውደን ካምፓስ ውስጥ የእንስሳት ሕክምና ቴክኒሻን ትምህርት አለ። ያንን ጨርሰሽ፣ የፈቃዱን ፈተና አልፈሽ ሥራ መግባት ትችያለሽ። እንደ ሽንፈት አትቁጠሪው፤ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

እስከዚያው ደብተር ያዢ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን እንደሠራሽና ማን እንደተቆጣጠረሽ ጻፊ። ማመልከቻው ላይ ስማቸውንና አድራሻቸውን ትጠየቂያለሽ፤ መጠለያ ውስጥ ደግሞ ሰው ቶሎ ቶሎ ነው የሚቀያየረው።