ባቡሩ ሩቁ ጥግ ሲደርስ ለምን ይደክማል?

አንድ የሞዴል ባቡር ወዳጅ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «ባለፈው እንደነገሩኝ ሀዲዱንና መንኮራኩሮቹን በአልኮል ጠረግሁ። የባቡሩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ተወ። ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን አልተፈታም። ባቡሩ ትራንስፎርመሩ አጠገብ እንደ ልቡ ይሮጣል። ሩቁ ጥግ ሲደርስ ይደክማል። ዞሮ ሲመለስ ደግሞ ይፈጥናል። ሞተሩን ልቀይር?»

አይቀይሩ። ሞተሩ ምንም አልሆነም።

ምስጋናዎን በደስታ ተቀብያለሁ፤ በተራዬ እኔም አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው ችግሩ ሲፈታለት ድምፁ ይጠፋል። እርስዎ ግን ምን እንዳደረጉ፣ ምኑ እንደተስተካከለ፣ ምኑ እንደቀረ ለይተው ጻፉ። ለባለሙያ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። ያው ችግር የገጠመው ሌላ ሰውም ይማርበታል። ለእኔ ደግሞ ግማሹን ሥራ ሠርተውልኛል። ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ ባቡሩ እዚህም እዚያም ይቆራረጥ ነበር። የታመመ ሞተር ደግሞ ቦታ አይመርጥም። የእርስዎ ባቡር የሚደክመው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ ሲመለስም ይድናል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ እየባከነ ነው ማለት ነው።

ሀዲዱ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ ቅይጥ ነው። ጠንካራ ነው፣ ግን ከንጹሕ መዳብ ጋር ሲነጻጸር ከ10 እጥፍ በላይ ኤሌክትሪክ ይከላከላል። በዚያ ላይ ሀዲዶቹን የሚያገናኙት ትንንሽ ማያያዣዎች ከጊዜ ብዛት ይላላሉ። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ሲቀንስ ለሩቁ ጥግ የሚተርፈው ያንሳል።

አሁን መለካት ነው። ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ባዶ ሀዲድ ላይ ደቅነው ከለኩ ግን ይሸወዳሉ። ባቡር ከሌለ ከረንት የለም፤ ከረንት ከሌለ ቮልቱ አይወርድም። ሩቁ ጥግም 12 ቮልት ያሳይዎታል። ስለዚህ ሎድ፣ ማለትም ከረንት የሚወስድ ነገር፣ ያስፈልጋል። አንድ ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 5 ዋት የመኪና አምፖል ይፈልጉና ሁለት ሽቦ ያብጁለት። 0.4 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ከአንድ ትንሽ ባቡር ጋር ይቀራረባል። ባቡሩን አንስተው አምፖሉን ሩቁ ጥግ ላይ በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያገናኙ። ስለሚግል ፕላስቲክ ላይ አያስቀምጡት። መጀመሪያ ትራንስፎርመሩ መውጫ ላይ፣ ቀጥሎ አምፖሉ ጋ ይለኩ። ለምሳሌ 11.8 እና 9.5 ካገኙ 2.3 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። መስመርዎ ዲጂታል ከሆነ (ባቡሮቹ በሀዲዱ በሚላክ ምልክት የሚታዘዙ ከሆነ) ቴስተሩን ኤሲ (ተለዋዋጭ ከረንት) ላይ ያድርጉት፤ ቁጥሩ ትክክለኛ ባይሆንም ለማነጻጸር ይበቃል።

ቀጥሎ ሌባውን እንፈልግ። ይህን ያስተማሩኝ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ናቸው፤ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። አምፖሉ እንደበራ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከማያያዣው ወዲህ፣ ሌላውን ከማያያዣው ወዲያ፣ በዚያው በአንዱ ሀዲድ ላይ ያሳርፉ። ጤነኛ ማያያዣ ዜሮ አካባቢ ነው፤ ቢበዛ ጥቂት ሚሊቮልት ቢያሳይ ነው። ግማሽ ቮልት ካሳየ ሌባው ተገኘ። ማያያዣውን በጣትዎ ጫን ቢሉት ቁጥሩ ሲወርድ፣ አምፖሉም ደመቅ ሲል ያያሉ። ሁለቱንም ሀዲዶች እንዲሁ አንድ በአንድ ይፈትሹ።

ማያያዣውን በፒንሳ ቀስ ብሎ መጭመቅ ለጊዜው ይሠራል፤ ግን ተመልሶ ይላላል። እኔ የምመክረው ሽቦ መጨመር ነው። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ጥንድ ከጠረጴዛው ሥር ከትራንስፎርመሩ እስከ ሩቁ ጥግ ይዘርጉ። ከዚያ በየ1 ሜትሩ ገደማ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆኑ አጫጭር ሽቦዎች ወደ ሀዲዱ ያውጡ። ለአንዱ ሀዲድ ቀይ፣ ለሌላው ጥቁር ይመድቡና እስከ መጨረሻው አይቀያይሩ። አንድ ቦታ ከተሳሳተ ሾርት ያደርጋል። ባቡሩ ዞሮ በራሱ መስመር ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመለስበት ቀለበት ካለ ግን ያ ክፍል የራሱ አሠራር ስላለው ሳይነግሩኝ አይንኩት።

ሶልደር ሲያደርጉ ከሀዲዱ ውጭኛ ጎን ይሁን፤ መንኮራኩር የሚነካውን ገጽ አይንኩ። ቦታውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሸት ያድርጉ። ሽቦውን አስቀድመው ሶልደር ያልብሱት። ግራና ቀኙ ላይ እርጥብ ጥጥ ያድርጉ። ከዚያ በደንብ በጋለ ካውያ ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ነክተው ያንሱ፤ ከቆዩ ከሥር ያለው ፕላስቲክ ይቀልጣል። አሲድ ያለበትን ፍላክስ (ሶልደሩ እንዲይዝ የሚቀባውን) አይጠቀሙ፤ ውሎ አድሮ መገናኛውን ይበላዋል። ማያያዣዎቹን በሙሉ ግን በሶልደር አይድፈኑ። ብረቱም ሥሩ ያለው እንጨትም ስለሚለጠጥና ስለሚኮማተር መላወሻ ይፈልጋል።

ሲጨርሱ አምፖሉን ሩቁ ጥግ መልሰው ይለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት በታች ከወረደ ባቡሩን ይመልሱ።